ሽቦ የፈተሸችው ካርድ

አባቷ በስልክ «ልጄ» ሲል ሽቦ የሰማችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የተተኮሰ ሸሚዙን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። «አይሆንም ልጄ፣ በባዶ ሆድሽ አውቶቡስ እንዳትሳፈሪ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ያጥወለውልሻል። ትንሽ ነገር ቅመሺ» ይላል። ድምፁ ውስጥ ሽቦ የማታውቀው አንድ ለስላሳ ነገር አለ። የራሷን ዕቃ ሰው ቤት ውስጥ ያየች ያህል ግር አላት። ሸሚዙን ሳትሰጠው በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ተመልሳ ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ላይ አንጠለጠለችው።

ሽቦ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ይህ ሰው አንድም ቀን «ልጄ» ብሏት አያውቅም። «ሽቦ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላትም እሱ ራሱ ነው፤ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ከመቅጠኗም ሌላ የተጣለ ሬዲዮ እየፈታች ሽቦውን ሁሉ ኪሷ ውስጥ ስታጭቅ አግኝቷት። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ትምህርት ቤትም ሽቦ፣ ሰፈርም ሽቦ፣ ሱቅም ሽቦ ናት፤ መዝገብ ላይ ያለውን ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ነገሩ ቅር ብሏት አያውቅም ነበር። አንዳንድ አባት ልጁን በቁልምጫ ይጠራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለቁልምጫ አፉ አልተፈታለትም። የኔ አባት አፉ ያልተፈታለት ነው ብላ፣ ተቀብላ ነው የኖረችው። አሁን ግን አፉ መፈታቱን በጆሮዋ ሰማች። የተፈታው ለሌላ ሰው ነው።

ቁርስ ሲቀርብ ተላጭቶ መጣ። የሚላጨው እሁድ እሁድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ሸሚዙን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ለብሶታል፤ ማን እዚያ እንዳስቀመጠው አልጠየቀም። ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከረ፣ «ያቺን የኮምፒዩተር ካርድ ዛሬ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ አይደል?» አላት። ሽቦ የትኛዋን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያነሳት ነው የሰነበተው። «የቷን?» አለች ግን። «የትምህርት ቤቱን ዓይነት። የኔዋ ሞታለች። መምህሯ ስድስት ሰዓት ላይ ትደርሳለች፤ ከመድረሷ በፊት እኔ አንዴ ልሞክረው። ፈትሸሻታል?» «ፈትሻታለሁ» አለች ሽቦ። «በይ እንግዲያው» አለና ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ለምሳ የሚገዛ ዝርዝር። ድንች፣ ካሮት፣ ሥጋ፣ ሩዝ፤ ከታች ደግሞ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «ብርቱካን»። «እሷ ብርቱካን ትወዳለች» አለ። ሽቦ ወረቀቱን ስትቀበል፣ እኔስ ምን እወዳለሁ ብዬ ብጠይቀው ምን ይል ይሆን አለች በሆዷ። አልጠየቀችውም። በዚያ ቤት ዝምታ እንደ ሦስተኛ ሰው ነው፤ የራሱ ወንበር አለው።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቷል። የጋዜጣና የመጽሐፍ ገጽ በኮምፒዩተር እየደረደረ ነው ጸጉሩ የሸበተው። ጡረታ ሲወጣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ሊጣሉ የነበሩ ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሰጡት። ሰዓቱ በዓመቱ ቆመ። ኮምፒዩተሮቹ ግን አሁንም አሉ፤ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማንም ሰው ሳይከፍል የሚጭነውን፣ ጭኖባቸዋል። ችግሩ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ሥዕሉን ሁሉ ስክሪኑ ላይ የሚስለው ክፍል እሱ ነው። ካርዱ የራሱን ቋንቋ፣ ሲስተሙም የራሱን ቋንቋ ይናገራሉ፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ያ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። ካርዱን የሠራው ፋብሪካ ድራይቨር የሚጽፈው ለሚሸጠው ትልቁ ሲስተም ብቻ ነው፤ እሱም ካርዱ ገበያ ላይ እስካለ ድረስ። ሸጦ ከጨረሰ ዞሮ አያይም። አስተርጓሚ ያጣ ካርድ ደግሞ ዲዳ ነው፤ ፊደሉ ይንጋደዳል፣ ሥዕሉ ይለጠጣል፣ ገጹ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባል። አባቷ ፋብሪካው የተወውን እኔ ልጻፈው ብሎ ተነሳ። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ሲጫወት ሲውል እሱ ድራይቨር ሲጽፍ ይውላል። የጻፈውን ማንም በነፃ እንዲወስደው ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጠዋል።

መምህሯ የመጣችው በዚያ በኩል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሌላ ከተማ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ያንኑ ካርድ የያዙ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በስጦታ የተገኙ አርባ ኮምፒዩተሮች አሉ፤ አንዳቸውም በወጉ አያሳዩም፤ እባክዎ ይርዱኝ አለችው። ረዳት። ቀጥሎ አስተማራት። ቀጥሎ እሷ ራሷ ስህተት ፈልጋ ማረም ጀመረች። አሁን ድራይቨሩ ያለበት ገጽ ላይ ሁለት ስም አለ፤ የሱ ከላይ፣ የሷ ከሥሩ። ሽቦ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሥራ ፈትታ ገጹን ስትከፍት አየችው። እስከ ታች ድረስ ወርዳ ፈለገች። ሦስተኛ ስም የለም። ካርዶቹን ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ እየመረጠች የምታመጣለት ማን ነው? የነደደውን የምትበይድ፣ ሜሞሪውን የምትፈትሽ፣ «ይሄ ደህና ነው፤ ይሄ አይሆንህም» የምትለው ማን ነው? ጭንቅላቱ እሱ ከሆነ እጁ እሷ ነበረች፤ እጅ ግን ይሠራል እንጂ ስሙ አይጻፍም። አንድ ጊዜ፣ ድሮ፣ «አስተምረኝ» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ቀድሞ፣ «አንቺ ብረቱን ታውቂዋለሽ፤ ቃሉን ለኔ ተይው» አላት። ማሞገሱ ይሁን በር መዝጋቱ እስከዛሬ አልገባትም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል።

የኮምፒዩተር ጥገና ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይጠብቃል። መጀመሪያ የመጣው ልብስ ሰፊው ነበር። የአዲስ ካርድ ዋጋ ጠየቀ፤ ነገረችው፤ «በዚህ ዋጋማ ሚስቴን እንደገና አገባታለሁ» ብሎ ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴትዮ የሰውዬውን ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። እሷ ወረቀት ብቻ አይደለም የምትገለብጠው፤ የሰፈሩንም ወሬ እንዲሁ ናት። «አባትሽ ተላጭቶ በረንዳ ላይ ሲንጎራደድ አየሁት። ሴት እንግዳ አለበት አሉ» አለች፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ። «እንግዲህ እንጀራ እናት መጣችብሽ!» ሽቦ ብሎን መፍቻዋን ሳታስቀምጥ፣ «መምህር ናት። ለሥራ ነው» አለች። «ሁሉም ለሥራ ነው የሚጀምረው» ብላ ሴትዮዋ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ሽቦ ብቻዋን ስትቀር አሰበችው። እንጀራ እናት ብትሆንማ ባልከፋት ነበር። አባቷ ብቸኛ ነው፤ እናቷ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ሚስት ቢያገኝ ደስ ባላት። የመጣችባት ግን እንጀራ እናት አይደለችም። እህት ናት። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሳትጠየቅ፣ ቃሉን ሁሉ የምታውቅ፣ በባዶ ሆዷ እንዳትሳፈር የሚጨነቁላት ታናሽ እህት።

መሳቢያው ውስጥ እነዚያ ካርዶች ሁለት ናቸው። መንትያ ይመስላሉ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ፈትሻቸዋለች፤ አንዱ እንደ አዲስ ነው፤ የሌላው ግን ሜሞሪው ታሟል፤ ኮምፒዩተሩ ገና ከመከፈቱ ስክሪኑን እንደ ኩፍኝ ቀይና አረንጓዴ ነጥብ ያወርድበታል። እንዳይሳሳትባት ጀርባው ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፋበታለች። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርጋ ቆየች። ምን እያሰበች እንደነበር በኋላ ስትጠየቅ በደንብ አታውቀውም፤ የምታውቀው ጥፍሯ የፕላስተሩን ጫፍ ሲፈልግ ነው። ተላጠ። ትንሽ ሙጫ ቀረበት። በጨርቅ ጠረገችው፤ አልጠፋም፤ ተወችው። ያንን በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ደህናውን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችበት። እስቲ በእንግዳዋ ፊት አንዴ ይክሸፍበት። በባዶ ሆዷ እንዳትሳፈር የሚጨነቅላት ልጁ እስቲ ትየው። ይሄው ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ነገር አላሰበችም።

ገበያ ስትገባ ድንች ተወዷል፤ ካሮት ደርቋል፤ ቲማቲሙንማ ሻጭዋ እንደ ዕንቁላል እያንዳንዱን በጨርቅ ትወለውላለች። ሽቦ ሁሉንም ሳትከራከር ገዛች፤ እሷ ሳትከራከር ስትገዛ ያየች ሻጭ ደንግጣ ሁለት ሽንኩርት መረቀችላት። ብርቱካኑን ግን መረጠች። አንድ በአንድ እያነሳች፣ እየመዘነች፣ እያሸተተች መረጠች፤ ክፉ ሥራ የያዘ ሰው ትንሹን ነገር ያሳምራል።

አምስት ሰዓት ላይ ቤት ደረሰች። አባቷ ጥቅሉን ተቀብሎ ጋዜጣውን ፈታ፤ ካርዱን እንደ ዳቦ በሁለት እጁ ያዘው፤ «ተባረኪ» አለ። ሽቦ ማድቤት ገብታ ድንች መላጥ ጀመረች። ጆሮዋ ግን ሳሎን ነው። ብሎኑ ሲዞር፣ ክዳኑ ሲከደን፣ ማራገቢያው ሲነሳ ሰማች። አባቷ ሲሞክር ዝም ብሎ አያውቅም፤ ከማሽኑ ጋር ይጣላል፤ «አንተ ግትር!» ይለዋል፤ «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው!» ይለዋል። ስድቡን ጠበቀች። አልመጣም። ወንበሩ አንዴ ሲንቋቋ ተሰማት፤ ከዚያ ምንም። ቢላዋውን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። ስክሪኑ ዳር እስከ ዳር ቀይና አረንጓዴ ነጥብ ነው። መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ አደረገው፤ አየ። እንደገና አወለቀ። ቀጥሎ ሁለት መዳፉን ዓይኖቹ ላይ ጫነና እንዲያው ቀረ። ብዙ ቆየ። ከዚያም ሳያይ በዳበሳ ቁልፉን ተጭኖ ኮምፒዩተሩን አጠፋው።

«ሽቦ» አለ፣ ሳይዞር። እዚያ መሆኗን እንዴት እንዳወቀ እግዜር ይወቅ። «ለመምህሯ ደውዪላትና ዛሬ አትምጪ በያት። ደክሞኛል። ቁጥሯ ማስታወሻዬ ላይ አለ።» ግድግዳውን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ሽቦ በልቧ አሸነፍኩ አለች። ድሉም ጣፋጭ ነበር፤ ከሳሎን ስልኩ እስካለበት እስኪደረስ ያህል ጣፋጭ ነበር።

መምህሯ በአንድ ጥሪ አነሳችው። ከኋላዋ የአውቶቡስ ሞተር ይጮሃል። ሽቦ ማንነቷን ሳትናገር፣ «ሽቦ ነሽ አይደል?» አለቻት መምህሯ፣ እንደ ዘመድ። «እኔ ነኝ። አባዬ ዛሬ አትምጪ ብሏል። ደክሞታል።» ከዚያ መምህሯ፣ «ዓይኑ ነው? ነጥብ ታየው?» አለች።

«ምን ነጥብ?»

«ወይኔ! አልነገረሽማ» አለች መምህሯ። «ከሁለት ሳምንት በፊት ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። ከዓይኑ ጀርባ ያለው መጋረጃ ሳስቷል፤ ሊቀደድ ይችላል አሉት። ነጥብ ወይ ብልጭታ ካየህ በዚያው ቀን ና፤ ካልሆነ ብርሃንህን ታጣለህ ነው ያሉት። ለሽቦ እንዳትነግሪያት፤ ሱቋን ዘግታ እኔን ስትጠብቅ ትውላለች ብሎ አስምሎኛል። ነገ ቀጠሮ አለው፤ የመጣሁትም ድራይቨሩን ከመጨረስ ሌላ እሱን ላደርሰው ነው። ስሚኝ፣ እህቴ፣ የከተማው መግቢያ ላይ ደርሻለሁ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም። አስተኚው፤ አንገቱን እንዳያንቀሳቅስ። ታክሲ ይዤ እመጣለሁ፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።»

ስልኩ ተዘጋ። እግዜር ይቅር ይበላትና፣ መጀመሪያ የተሰማት ድንጋጤ አልነበረም። ቅናት ነበር። ዓይኑን እንኳ ለሷ ነው የነገራት፤ እኔ እዚህ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ፣ ሸሚዙን እየተኮስኩ፣ እሷ በስንት ተራራ ማዶ ሆና ታውቃለች። ይህ እንደ እሳት ውስጧን ለበለባት። ከዚያ ነው ቀስ ብሎ፣ ከሥር፣ ሌላው የመጣው፤ ያ ነጥብ ከዓይኑ ሳይሆን እሷ ከሰጠችው ካርድ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ታክሲው ይመጣል፤ ሐኪሙ ያየዋል፤ ደህና ነህ ይለዋል፤ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እሷም እስከዚያ ሱቅ ሮጣ ካርዱን ትለውጠዋለች። ማንንም የማይጎዳ ውሸት ነው፤ ግማሽ ቀን ብቻ የሚቆይ ፍርሃት። ይህንን ሁሉ አሰበች፤ መጥፎ ሐሳብም አልነበረም። እስኪ ልየው ብላ የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረገች። አባቷ በጀርባው ተኝቷል፤ ዓይኑ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጓል። እጁ ከአልጋው ወጥታ በኮመዲኖው ላይ ትሄዳለች። ጠርዙን ያዘች፤ መጽሐፉን ነካች፤ መጽሐፉን አለፈች፤ ብርጭቆው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ በሁለት ጣቷ ዙሪያውን ለካችው። ከዚያ ተመልሳ ወደ ጠርዙ ሄደችና መንገዱን እንደገና ጀመረችው። ውኃ ጠምቶት አልነበረም። እየተለማመደ ነበር።

«አባዬ፣ ነጥቡ ካርዱ ላይ ነው» አለች ሽቦ።

እጁ ብርጭቆው ላይ ቆመች። «ምን አልሽ?»

«ካርዱ በሽተኛ ነው። አውቄ ነው የሰጠሁህ። ደህናው ሱቅ ነው ያለው።»

«ላንቺም ታይቶሻል?»

«ታይቶኛል። ቀይና አረንጓዴ።»

«ቀይና አረንጓዴ» አለ፤ ባዕድ አገር ላይ ስሙን የሚያውቅ ሰው እንዳገኘ። ፎጣውን አነሳ። ኮርኒሱን አየ፤ አምፖሉን አየ፤ የመጋረጃውን አበባ አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ሳቀ። ሽቦ አባቷ እንደዚያ ሲስቅ አይታ አታውቅም፤ እንባው በጆሮው ላይ እየወረደ ነው የሚስቀው። በባዶ እግሩ ዘሎ ወርዶ ወደ ሳሎን ሄደ፤ ኮምፒዩተሩን አበራ፤ «ነይ! ነይ ቁጭ በይ!» አላት። ጎኑ ተቀመጠች። ኩፍኙ ስክሪኑ ላይ ወረደ። አባቷ ጣቱን ሰዶ፣ «ይቺ ትታይሻለች?» አላት። «ትታየኛለች።» «ይቺስ? ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ?» «አረንጓዴ ናት።» «አረንጓዴ ናት!» አለ፤ ጭኑን በጥፊ መታ። አንድ በአንድ አስቆጠራት። ትከሻቸው ተነካክቶ እንዲህ የተቀመጡበት ጊዜ ትዝ አላላትም፤ ደስታው እየተጋባባት፣ ጥፋቷ እየከበዳት አብራው ቆጠረች።

«እኔ እኮ እንደ ሕፃን ነው የደነገጥኩት» አለ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ድራይቨሩ ነው እንዳልል ገና አልተነሳም። ካርዱ ነው እንዳልል አንቺ ፈትሸሽዋል። አንቺ ደህና ነው ያልሽውን ካርድ እኔ ጠርጥሬ አላውቅም። እና ምን ቀረ? ዓይኔ ቀረ። ዓይኔን ጠረጠርኩ።» እንደ ሒሳብ ነበር የተናገረው፣ ለማስደሰትም ለመውቀስም ሳይሆን። ሽቦ ግን ወንበሩ ከሥሯ የተሳበ መሰላት። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚያምናት የሰማችው፣ ባጠፋችበት ቀን ሆነ።

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ እጁን አየ። «አውቄ ነው አልሽኝ» አለ።

«አዎ።»

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም» አለች ሽቦ። «ምንም አላደረግኸኝም።» ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው እውነቱ ያ መሆኑ የገባት፤ እሱም ሳይገባው አልቀረም። አገጩን አሸት አሸት አደረገ። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን ከፈተ። የግቢው በር ተንኳኳ።

መምህሯ ሽቦ በሐሳቧ ስላ የያዘቻት ሴት አልነበረችም። ከሷ በዕድሜ ብትበልጥ እንጂ አታንስም፤ አጭር፣ ቦርሳ ያዘለች፣ የጫማዋ ሶል በአንድ ወገን የተበላ። ከታክሲው ወርዳ ስለሮጠች ላብ በላብ ሆናለች፤ ዓይኗም ቀልቷል። «ጋሼ፣ ለምን ተነሡ? ይተኙ እንጂ!» አለች ገና ከበሩ። «ደህና ነኝ፣ ልጄ፤ ዓይኔ አይደለም» አላት፤ «ሽቦ ካርድ ተሳስታ በሽተኛውን አምጥታልኝ ነው።» ተሳስታ። አባቷ ሲዋሽ ሽቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ቀን ነው። መምህሯ የሚያቃጥል እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ እግዜርን አመሰገነች፤ ካርዱን ከማሽኑ ላይ አውጥታ አገላበጠችው። አውራ ጣቷ ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ ላይ ቆመ። ወደ ሽቦ አየች፤ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሽቦ ድንቹን እሳት ላይ ጥዳ ደህናውን ልታመጣ ሱቅ ሮጠች። ስትመለስ ድንቹ አርሯል፤ ሁለቱ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብለው እሷ የማታውቀውን ቃል ይቀባበላሉ። ካርዱን ራሷ ገጠመችው። አባቷ አበራው። ድራይቨሩ ተነሳ፤ ስክሪኑ አንዴ ጨለመ፤ ከዚያ ፊደሉ እንደ ታተመ መጽሐፍ ጥርት ብሎ ወጣ፤ መምህሯ ያመጣችው የሰው ልብ ሥዕል በቀይና በሰማያዊ ደሙ ሳይንገጫገጭ ይዞር ጀመር። «አርባ ማሽን» አለች መምህሯ በሹክሹክታ። «አርባ ማሽን፣ ጋሼ።» አባቷ መነጽሩን አውልቆ፣ አድርጎ፣ እንደገና አውልቆ አየው። ሽቦ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሥዕሉ ያምራል። ያምራል ብላ መቅናቷ አልቀረም።

ያረረውን ድስት ስትፍቅ መምህሯ ሳህን ይዛ ማድቤት ገባች። በሩን በክርኗ ገፋ አደረገችው። «አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ እስክወርድ ድረስ አልቅሻለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለሱ አልነግረውም። አንቺ ግን እወቂው።» ሽቦ ላይ ይቅርታ የሚለው ቃል ከዚያ ድስት ባልተናነሰ ከሥሩ ተጣብቆባታል። «አወቅሁት» አለች በመጨረሻ። ፎጣውን አቀበለቻት። መምህሯ ሳህኑን ማድረቅ ጀመረች።

ምሳውን በሉ፤ ካረረው በላይ ያለውን። አባቷ ስለ ማተሚያ ቤቱ አለቃ፣ ርዕሱን ገልብጦ ስላሳተመው ሰውዬ አወራ፤ መምህሯ ሳቀች፤ ሽቦ ታሪኩን መቶ ጊዜ ስለሰማችው መጨረሻውን ቀድማ ልትናገር ስትል ራሷን ያዘች። ብርቱካን ቀረበ። መምህሯ ልጣ አንዱን ለሱ፣ አንዱን ለሽቦ ሰጠች። ሽቦ ተቀብላ ሳትበላው፣ «ቀጠሮው ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

ሁለቱ ተያዩ። «ሦስት ሰዓት» አለ አባቷ።

«እኔ እወስድሃለሁ።»

«ሱቁስ?»

«ይዘጋ።»

አባቷ የብርቱካኑን ልጣጭ ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረ ቆየ። ሽቦ ጠበቀች። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ሲያስብ ደግ ነገር ይዞ እንደማይመጣ ታውቃለች። «ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «መምህሯም ትምጣ። ሐኪም የሚያወራውን አንድ ጆሮ ብቻውን አይችለውም።»

ያ ቅናት ነቃ። አልሞተም ነበር፤ ተኝቶ ነው እንጂ። በድስቱ፣ በእንባው፣ በሥዕሉ መካከል የሞተ መስሏት ነበር። መምህሯን አየቻት፤ ያቺ ዓይኗን ብርቱካኑ ላይ ተክላ ትጠብቃለች፤ አትምጣ ብትላት እንደማትመጣ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ትምጣ» አለች ሽቦ። «አጠገብህ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።»

መምህሯ ሳታስበው ፈነዳች፤ ሳቋ ብርቱካኑን ሊያስመልሳት ደረሰ። አባቷ አልሳቀም። በቁም ነገር ወደ ቀኙ አየ፤ ወደ ግራው አየ። «ሁለት ጎን አለኝ እኮ» አለ።

ሽቦ ተነስታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ታክሲ ውስጥ ነገ ማን በየት በኩል እንደሚገባ ግን እዚያው ቆማ ወስና ጨርሳለች።